«ማሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ መውጫ ያልተፈቀደላቸውም በስልክ እየሰሙን ነው፤ እነሱንም ሰላም በሏቸው።

ስለ ቋንቋ አውሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። አስተማሪ አይደለሁም፤ የኔ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ግን ቃሉን ማወቅ ሌላ፣ መግባባት ሌላ መሆኑን ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ቤይሩት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ማዳሜ የእናቷን ኪኒን አሳየችኝና «ተማኔ» አለችኝ። ቁጥር ተምሬ ስለነበር ስምንት መሆኑን አወቅሁ፤ ደስም አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ኪኒኑን ከውሃ ጋር ይዤ ሄድኩ። እሷ ለካ የጠዋቱን ስምንት ነው ያለችው፣ በእኛ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። እሷ በትክክል ተናግራለች፣ እኔም በትክክል ሰምቻለሁ። አሮጊቷ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ መድኃኒት ቆዩ። ጩኸቱን አልነግራችሁም። እኛ ሰዓት ከንጋት እንደምንቆጥር ለእሷ ማን ነገራት? ሁለታችንም የራሳችንን ሰዓት የዓለም ሁሉ ሰዓት አድርገነው ነበር።

ፊትም እንደዚሁ ነው። እኛ ቅንድብ ከፍ ስናደርግ «አዎ» ማለታችን ነው። እዚህ ቅንድብ ወደ ላይ ካለ፣ ምላስም ጠቅ ካለ፣ «የለም» ነው። አንዲት እህታችን «ልብሱን አጠብሽ?» ስትባል ቅንድቧን እያነሳች ስንት ቀን ተሰደበች፣ ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ እያለ! ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል ደግሞ የደነገጥን ይመስላቸዋል።

ይሄ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም።

ማዳሜ ወር በሞላ ቁጥር ስለ ደሞዝ ታወራኛለች። ንግግሯ ረጅምም ፈጣንም ነው፤ መጨረሻ ላይ «ማሺ?» ትላለች። እኔም «ማሺ» እላለሁ። ለእኔ ያቺ ቃል የአገር ቤቷ «እሺ» ነበረች፤ ሰምቻለሁ፣ አትቆጪኝ ማለት። በአምስተኛው ወር ገንዘቤን ስጠይቅ «እኔ ጋ ይቀመጥ ስልሽ በየወሩ ተስማምተሽ የለ እንዴ!» አለችኝ። የሦስቱን ወር በስንት ልመና ተቀበልኩ። የሁለቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ሁሉም ነገር አለመግባባት ነው እያልኩ አይደለም። እየገባት ያልገባት የምትመስል አለች፤ «ቡክራ» የምትልሽ ነገ እንደማትሰጥሽ ልቧ እያወቀ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ ቋንቋ ብቻውን አይበቃም። ግን «ማሺ» ብለን በእጃችን ማስረጃ አንስጣት። ካልገባሽ «ማ ፍህምት» በይ። ታፍሪያለሽ፣ አውቃለሁ። እኔም «ይቺ ደደብ» እንዳልባል ነበር ስንት ወር አንገቴን የነቀነቅኩት።

ሲገባሽም የገባሽን መልሰሽ ንገሪያት። ኪኒኑን እያሳየሽ «ተማኔ? ሱብህ?»፣ ማለት ጠዋት? ግድግዳው ሰዓት ላይ በጣትሽ አመልክቺ። ደሞዙን «ቡክራ» ካለችሽ ቀኑን ጠይቂያትና ካላንደሩ ላይ አክብቢው፣ እሷ እያየችሽ። ያኔ ቢያንስ የሁለታችሁም ዓይን ያረፈበት ቀን ይኖራል። ከ2009 (በፈረንጅ) ጀምሮ እዚህ ሊባኖስ የሚሠራበት የሥራ ውል ደሞዝ በየወሩ መጨረሻ በእጅ ተከፍሎ ሁለታችሁም ደረሰኝ እንድትፈርሙ ይላል። ውሉ ግን በአረብኛ ነው፤ አብዛኞቻችን ሳናነበው ነው የፈረምነው። ያም ሌላ «ማሺ» ነው።

በሉ አሁን ወንበሩን አዙሩና ጥንድ ጥንድ ሁኑ። አንዷ ማዳም ትሁን፤ በፍጥነት ታውራ፣ ትቆጣም። ሌላዋ ሦስት ጊዜ «ማ ፍህምት» ሳትል «ማሺ» እንዳትል። ስልክ ላይ ያላችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ቀንሱና ከኔ ጋር ተለማመዱ።