ቦክስተሯ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

እሷ፦ የ2001 ፖርሽ ቦክስተር፣ 140 ሺህ ማይል የሄደች። ባለቤቷ፣ አድማጫችን፣ ልሽጣት ወይ እያሉ ነው።

እሱ፦ ማይሉ ብቻውን አያስፈራኝም። የሚያሰጋኝ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለችው የመሀለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ናት። እሷ ከተሰበረች ሞተሩ አለቀለት።

እሷ፦ ሳትሰበር በምን ይታወቃል?

እሱ፦ ዘይት ሲቀየር ፊልትሮውን ቀዶ ማየት ነው። በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየ መኪናዋ ትቁም። ንጹሕ ከሆነ ግን ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ሲወርድ ኩሽኔታዋም አብራ ትቀየር፤ ያኔ ተጨማሪው የእጅ ዋጋ ትንሽ ነው።

እሷ፦ በየቀኑ ሥራ የምታደርሰው እሷ ብቻ ከሆነችስ? ጋራዥ በገባች ቁጥር እንጀራው ሊቋረጥ ነው እኮ!

እሱ፦ እንግዲያው ትሸጥ። ሌላ መኪና ካለዎት ግን፣ አድማጫችን፣ ሞተሯ መሀል የተቀመጠ፣ ኩርባ ላይ እንዲህ የምትታዘዝ መኪና በእሷ ዋጋ በቀላሉ አያገኙም። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ አይሽጧት።