ስለ ሕፃናት የክረምት ዜማ ትምህርት በኢዮቤልዩው በዓል የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ቀን ስለ ሕፃናት የክረምት ዜማ ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። እኔ የዜማ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን በአራዳ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፥ በልጅነቴ ያየሁትንና ዛሬ የሚያሳስበኝን ብናገር አትቀየሙኝም ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰዎች ይህ ትምህርት የቆመው፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች በየመንገዱ እንዳይባዝኑ ነው ይላሉ። አሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። በአገራችን ክረምት የሕፃናት የዕረፍት ጊዜ ብቻ ሳይሆን የዜማቸው ወራት ነው። ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲገባ ሕፃናቱ ከወላጆቻቸው ጋራ ቤተ ክርስቲያኑን ይሞሉታል፤ ውዳሴ ማርያም ሲተረጐም ይሰማሉ፥ በቅዳሴውም ጊዜ ተሰጥዎውን ከሕዝቡ ጋራ እየተቀበሉ በጆሯቸው ይማራሉ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ወንዶቹ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ዓመቱ ሲለወጥም ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። እንግዲህ የክረምቱን ትምህርት ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ አባቶቻችን በበዓላቱ ውስጥ አስቀምጠውልናል።

እኔ ልጅ ሳለሁ የቡሄ ዕለት ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተን፥ ጭቃውን እየረገጥን ወደ ላይ እንወጣ ነበር። በመንገዳችን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ እንላቸው ነበር። ሙልሙሉን በመሶብ ይዘው በደጃቸው ይቆማሉ። አውራጁ ግጥሙን የሳተ እንደ ሆነ፥ ወይም ተቀባዮቹ ዱላቸውን ባንድነት ያልመቱ እንደ ሆነ፥ «እንደ ገና ከመጀመሪያው!» ይሉናል። እኛም ሙልሙሉን እያየን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጨፍራለን። ያን ጊዜ ንፉግ ይመስሉን ነበር። አሁን ሳስበው ግን የመጀመሪያ የዜማ መምህራችን እርሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ያ ደጅ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪዎቹ በከተማው ዳርቻ ወዳሉት ሠፈሮች ተበተኑ። ልጆቻቸው ግን ይህን ደብር አልረሱም፤ በእሑድና በበዓል ቀን ከሩቅ ተሳፍረው ይመጣሉ። ሁሉም አይደሉም፤ መሳፈሪያ ያገኘው ይመጣል፥ ያላገኘው ይቀራል። በየደጃፉ ቆሞ «እንደ ገና» የሚላቸው ጐረቤት ከሌለ፥ ያን ሥራ የሚሠራላቸው ይህ ቅጽራችን ነው።

አንዳንዶች ደግሞ፥ «በደብራችን መዝገብ ላልተጻፈ ልጅ ስለ ምን እንደክማለን?» ይላሉ። ለእነዚህ ወንድሞቼ የከተማችንን ታሪክ ላስታውሳቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው አርባውን ወደ አገራችን አስመጧቸው። ልጆቹም በዚያው ዓመት በክረምቱ መጨረሻ ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አዲስ አበባ ገቡ። አርባ ልጆች ተብለው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸውም፥ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉለት የሕዝብ መዝሙር ዜማውን ደረሰለት፤ መዝሙሩም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ሥርዐተ ንግሡ የተፈጸመው እዚሁ፥ በአራዳው ጊዮርጊስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚያ ልጆች አስቀድሞ በመዝገብ ተፈልገው ቢሆን ኖሮ የአንዳቸው ስም እንኳ ባልተገኘም ነበር።

የበገናም ነገር እንዲሁ ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገናን የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ነው፤ ይኸውም የበገናው ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ከቤታቸው አጠገብ መጥተው ስለ ሠፈሩ ነው። በኋላ እርሳቸውም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተማሩ፤ በደርግ ዘመን ማስተማሩ ሲቀር እዚሁ ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ፥ በገናውን ግን አልተዉም። አለቃ ተሰማ በሌላ ሠፈር ቤት ተከራይተው ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። የእኛም ልጆች እንግዲህ ከመምህሩ ርቀው ሄደዋል።

ስለ ትምህርቱ ራሱ ብዙ አልናገርም፤ ሊቃውንቱ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ድጓ በሁለት ወር አይዘለቅም፥ ለዚያ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልን ከአራራይ በጆሮ መለየት፥ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ማድረስ፥ ጽናጽል ይዞ ከከበሮው ጋራ መስማማት በሐምሌና በነሐሴ ይቻላል። የድምፅ ማጉያ ግን ለዚህ ትምህርት ባይገባ እወዳለሁ፤ ልጁ የባልንጀራውን ድምፅ ካልሰማ ከማን ጋራ እንደሚስማማ አያውቅም።

ደግሞ ድምፁ ሻካራ ነው ተብሎ ልጅ እንዳይመለስ መምህራኑን እለምናለሁ። እኔ ራሴ በዘጠኝ ዓመቴ በአንድ የመዝሙር ጉባኤ ውስጥ፥ «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» ተብያለሁ። ያን ክረምት ሙሉ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ፤ በሚመጣው ዓመት ግን አልተመለስሁም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት ከጉባኤ የሸሸ ልጅ እንደ ነበረ በየዓመቱ ለልጆቹ እንተርክላቸዋለን፤ ከዚያም በኋላ ቶሎ ያልገባውን ልጅ ወደ ኋላ እናቆመዋለን።

አሁን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ከሩቅ ለሚመጡት ልጆች መሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ከምእመናን ይሰብሰብ፤ ልጁ ራሱ ለማኝ መስሎ እንዳይታይ ግን ሳንቲሙ በወላጁ እጅ ይሰጥ። መሪጌታችን እስከ ዛሬ ያለ ዋጋ አስተምረዋል፤ ሰውዬው ልጆች አሏቸው፥ ስለዚህ ለሁለቱ ወር ደመወዝ ይቈረጥላቸው። የአካባቢው ልጅ ሁሉ፥ የእኛ ይሁን የሌላ ሰው፥ ሊማር ከመጣ በሩ ላይ የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅ። ሐምሌ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ለትምህርቱ ያሉን ከበሮዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፥ የአንደኛውም ቆዳ ተቀዷል። ከበሮ የሚጠፍር ሰው የምታውቁ ብትኖሩ ዛሬ ከጸበል ጸዲቁ በኋላ በግምጃ ቤቱ በር አጠገብ ታገኙኛላችሁ።