ቀስ ብሎ ስለሚጀምር መጽሐፍ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወፍራም መጽሐፍ አውሰውኝ ነበር። ሃምሳ ገጽ ያህል እንዳነበብሁ ደከመኝና ከራስጌዬ አኖርሁት። ከወራት በኋላ እንደገና ጀምሬ እዚያው ገጽ ላይ ስደርስ እንደገና ተውሁት። ሰውየው አንድ ቀን «እንዴት አገኘኸው?» ቢሉኝ እውነቱን መናገር አፈርሁና «መልካም ነው ጋሼ፤ ሽፋኑም ያማረ ነው» ብዬ አለፍሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት የደረሰው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የታተመው «ዲዩን» ነው፤ የስሙም ትርጓሜ የአሸዋ ክምር ማለት ነው። በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው አራኪስ በምትባል፣ ዝናም በማይዘንምባት ዓለም ላይ ነው። ፖል የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከአባቱ ከመስፍኑ ሌቶ ጋር ወደዚያች ምድር ይሄዳል። ነገር ግን አንባቢውን ከደጃፉ ተቀብሎ እጁን ይዞ የሚያስገባው የለም። የማዕረጉ፣ የእምነቱና የመሣሪያው ስም ያለ ማብራሪያ ይወርድበታል፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ የቃላት መፍቻ መጨመሩም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ለእያንዳንዱ ቃል ወደ መፍቻው ስመላለስ የታሪኩ ክር ተበጠሰብኝ። በዚህ ላይ ጠላት የሸረበው ተንኮልና ከሃዲው ማን እንደ ሆነ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ተነግሮ ያልቃል። መጨረሻውን ለማወቅ ብቻ የሚያነብ ሰው «እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

ከ20 የሚበልጡ አሳታሚዎችም ጽሑፉን መልሰውታል። በመጨረሻ የተቀበለው ቺልተን የተባለው፣ በአውቶሞቢል መጠገኛ መጻሕፍት የታወቀው ድርጅት ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ መጽሐፉን የገለጥሁት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ፣ ሌላ የሚነበብ ነገር አጥቼ ነው። መፍቻውን ትቼ፣ ያልገባኝን እንዳልገባኝ አልፌ አነበብሁ። ወደ ሩቅ አገር የተዛወረ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት የባለጉዳዩን ሁሉ ስምና የመዝገቡን ሁሉ ታሪክ ልወቅ ቢል ይታመማል፤ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ከቆየ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ይገለጥለታል። እኔንም የገጠመኝ እንዲሁ ነው።

መስፍኑ በሚገባበት ቤት ደጅ 20 የቴምር ዛፎች ቆመዋል። አንዱ ዛፍ በቀን 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ለአንድ ሰው ግን 8 ሊትር ይበቃዋል። እንግዲህ አንዱ ዛፍ የአምስት ሰው፣ ሃያው ዛፍ የመቶ ሰው ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። በመንገድ የሚያልፈው ድኻም ዛፎቹን በምን ዓይን እንደሚመለከታቸው ደራሲው ያሳየናል። በዚያው ቤት የግብር እንግዶች እጃቸውን ታጥበው ውሃውን መሬት ላይ የማፍሰስ ልማድ ነበራቸው፤ ከደጅ የቆሙት ለማኞች የሚደርሳቸው ከፎጣው የተጨመቀው ነው። ይህን ልማድ መስፍኑ ይሽረዋል።

ስቲልጋር የተባለ የበረሃ ሰዎች አለቃ ወደ መስፍኑ ቀርቦ በጠረጴዛው ላይ ምራቁን እንትፍ ይላል። የመስፍኑ ሰዎች ሊቆጡ ይነሣሉ። ነገሩ ግን ስድብ አልነበረም፤ ውሃ በሌለበት አገር ሰው ከገዛ አካሉ እርጥበት መስጠቱ የአክብሮት ስጦታ ነው። ሽማግሌዎች እንትፍ እንትፍ ብለው ሲመርቁ ላየ ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ከሌላው ቀድሞ ሳይገባው አይቀርም። እነዚያ የበረሃ ሰዎች ላባቸውንና የትንፋሻቸውን እርጥበት አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ይለብሳሉ፤ የሞተባቸውንም ሰው ውሃ ለወገኑ ያስቀራሉ። ስለዚህ ፖል ከመካከላቸው አንዱን በፍልሚያ ገድሎ በስንብቱ ሥርዓት ላይ ባለቀሰ ጊዜ የቆሙት ሁሉ ይደነቃሉ፤ ለሞተ ሰው ውሃ ሰጥቷልና። ያን ዕንባ በመጀመሪያው ገጽ ብናነበው ተራ ዕንባ ነበር። እነዚያ የሚያዘግሙ ገጾች የተጻፉት የአንዲት ጠብታ ዋጋ በልባችን እስኪቀመጥ ነው።

ኸርበርት ጋዜጠኛ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ኦሪገን በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፣ የአሸዋ ክምር ከተማና መንገድ እንዳይውጥ ሣር ተክለው ሲያግዱት ሊመለከት ሄዶ ነበር፤ ያሰበው የጋዜጣ ጽሑፍ ሳይፈጸም ቀርቶ ነገሩ ወደዚህ መጽሐፍ አመራው። አሸዋንና ውሃን ለዓመታት ያጠና ሰው ለመናገር አይቸኩልም።

ይህን ስል ዘግይቶ የሚጀምር መጽሐፍ ሁሉ ትዕግሥት ይገባዋል ማለቴ አይደለም፤ ዝግመቱ ከደራሲው ስንፍና የመጣም ሞልቷል። እኔ አሁን የማደርገው ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድ እንግዳ ቃል ይዤ መከታተል ነው። ቃሉ በተመለሰ ቍጥር አዲስ ነገር ይዞ ከመጣ እቀጥላለሁ፤ ደጋግሞ ባዶ እጁን ከመጣ ግን መጽሐፉን ያለ ጸጸት እከድነዋለሁ።

«ዲዩንን» ጨርሼ ለባለቤቱ ስመልስ የቀድሞውን ሐሰቴን ተናዘዝሁ። ሰውየው ሣቅ ብለው፣ «ያን ጊዜም አውቄብህ ነበር፤ የጨረሰው ሰው የሚነግረኝ ስለ ውሃው ነው፤ አንተ ግን ስለ ሽፋኑ ነገርኸኝ» አሉኝ።