የተቃጠለ ተራራ ጾም
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰበው ጉባኤ የተነገረ)



በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት በስሜን ተራራዎች ላይ እሳት ተነሣ። ይህ ስፍራ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ ነው። የአገሩ ሰው እሳቱን ለማጥፋት እጅግ ደከመ፤ ከእስራኤልም ባለሙያዎች ለርዳታ መጡ። ነበልባሉ በጠፋ ጊዜ፥ ጓሳውና አስታው በነበረበት ስፍራ ጥቍር ዐመድ ቀረ።

ይህን ያየ ሰው ፈጥኖ ዘር ለመበተን ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የተቃጠለች ምድር ባዶ አይደለችም። ሣር በሚነድበት ስፍራ ሙቀቱ ወደ ጥልቅ ስለማይዘልቅ፥ ከጥቂት ጣት በታች የተሸሸገው ዘርና ሥር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አስታ ቅርንጫፉ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቈጠቍጣል። አደይ አበባም በመስከረም አብባ ዘሯን ለመሬት አስቀድማ ስለምትሰጥ፥ የበጋ እሳት ሁሉን አያገኘውም። ጅባራ ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩንም በትኖ ይሞታል። ሳያብብ በእሳት የሞተው ጅባራ ተተኪ አይተውም።

ስለዚህ ለተቃጠለ ተራራ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጾም ነው፤ ይኸውም ከከብት ኮቴና ከማጭድ መጠበቅ ነው። ለጋው ቡቃያ እንደ ወጣ ቢጋጥ፥ ከእሳት የተረፈው ሥር ይደክማል። ሁለተኛው፥ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ከነዘሩ እንዳይወስደው በተዳፋቱ ላይ ድንጋይ መደርደር ነው። መዝራት የሚገባው በመጨረሻ፥ አበባው ባልተመለሰበት ስፍራ ብቻ ነው፤ ዘሩም ከሩቅ አገር ሳይሆን ካልተቃጠለው ጎረቤት ተዳፋት፥ በስሎ ሳለ፥ ለዚያም ስፍራ የሚበቃው ቀርቶለት ይለቀም።

ይሁን እንጂ የምድር ጾም ያለ ዋጋ አይፈጸምም። ተራራው ሲከለከል ለላሙ ግጦሽ የሚያጣ ድኻ አለ። ባለጠጋው ከድርቆሹ ሳያካፍለው «ከብትህን መልስ» ቢለው፥ ይህ ግፍ እንጂ ጾም አይባልም። ጾም ከምጽዋት ጋር እንዲሄድ አባቶች አስተምረዋልና፥ ተራራውን የሚጠብቅ ሕዝብ ለጎረቤቱ ከብት መኖ ያዋጣ።

በጎንደርና በጎጃም ባሉ ብዙ አድባራት ዙሪያ አገር በቀል ዛፍ ጸንቶ የቆመው፥ ትውልድ ሁሉ እጁን ስለ ሰበሰበ አይደለምን? በቅጥር ውስጥ የተጠበቀው ትዕግሥት ወደ ተራራውም ይውጣ። አበባን የሚያበቅል እግዚአብሔር የሚጠብቁትን እጆች ይባርክ። አሜን።