በተራራው ላይ የቆየው ጀናዛ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር የተፈጸመው በሩቅ አገር ነው፤ ሐዘኑ ግን ሩቅ አይደለም። እኛ ጀናዛ አታቆዩ የተባልን ሰዎች ነን። ሰው ሲሞትብን አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንበት እንቀብራለን። ታዲያ ልጇ የወደቀበትን ተራራ እያወቀች ጀናዛውን ያላገኘች እናት ምን ታድርግ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የፓኪስታን ወታደሮች በካሽሚር ሁለቱን ጦሮች የሚለየውን መስመር ተሻግረው፣ የህንድ ጦር በብርዱ ወራት ለቋቸው የነበሩትን የካርጊል ተራሮች ይዘው ተገኙ። ውጊያው ከሜይ እስከ ጁላይ ዘለቀ። ቱርቱክ በሚባለው ግንባር ከፍታው 18,000 ጫማ፣ ማለትም 5,500 ሜትር ያህል ነበር። ይህ ከራስ ዳሽን አናት በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል። እዚያ ትንፋሽ ያጥራል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከላይ የመሸገው ከታች የሚወጣውን ሁሉ ያያል።

ሻምበል ሐኒፉዲን የዴልሂ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ ሄማ አዚዝ ናቸው። በ11ኛው የራጅፑታና ራይፍልስ እግረኛ ሻለቃ ተመድቦ ሳለ፣ ጥቂት ወታደሮችን እየመራ ወደ ምሽጉ ወጣ። ተኩሱ ሲበረታ ጓዶቹ እንዲተርፉ ብሎ ጥይቱን ወደ ራሱ በሚስብ ቦታ ሆኖ ተዋጋ። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ፤ ጁን 6 ቀን 1999 (ግንቦት 29 ቀን 1991 ዓ.ም.) እዚያው ወደቀ። ዕድሜው ገና 25 አልሞላም ነበር።

ጀናዛው ከበረዶው ላይ ሳይነሣ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። የህንድ ምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ማሊክ ወደ እናቱ ሄደው፣ ጠላት ተኩስ ስላላቋረጠ ማንሣት እንዳልተቻለ ነገሯቸው። እናትየው የመለሱት፣ የልጄን ሬሳ ለማምጣት ሲባል የሌላ ወታደር ሕይወት ለአደጋ እንዲጋለጥ አልፈልግም የሚል ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ቀለል አድርገን አንስማው። ልጁ ለጓዶቹ ነፍሱን ሰጠ፤ እናቱ ደግሞ ለማያውቋቸው እናቶች ሲሉ የቀራቸውን አንድ ነገር፣ የልጃቸውን ጀናዛ መታቀፍን፣ ተዉ። ለሙት የሚገባው ክብር ትልቅ ነው፤ የሕያው ነፍስ ግን ይቀድማል። በኋላ ጀናዛው ተገኘ፤ ሐኒፉዲንም ቪር ቻክራ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ።

በወዲያኛው ወገን የወደቁትም የእናት ልጆች ነበሩ፤ ሙስሊሞችም ነበሩ። መንግሥታቸው መጀመሪያ የኔ ወታደሮች አይደሉም ስላለ ብዙዎቹን የሚረከብ ጠፋ፤ የህንድ ወታደሮች እዚያው በእስልምና ሥርዓት ቀበሯቸው። በታይገር ሂል የወደቀውን የፓኪስታኑን ሻምበል ከርናል ሸር ኻንን ደግሞ፣ የወጋው የህንድ ጦር አዛዥ በጀግንነት ተዋግቷልና ክብሩ ይሰጠው ብሎ ጽፎ ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ ሸኘው። አገሩም ከፍተኛውን ኒሻን ሰጠችው። የማንኛው ወገን ሟች ሸሂድ እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የኛ ድርሻ የሙትን ክብር መጠበቅ ነው።

በዚያው በ1991 ዓ.ም. የኛም አገር ልጆች በሰሜን ድንበር ይወድቁ ነበር። መርዶ እንጂ ጀናዛ ያልደረሰው ቤት ስንት ነው! እነዚያን እናቶች ሳይ የሚታወሰኝ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ነው። እርሳቸው እዚህ ሲሞቱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሰሓቦችን በሰልፍ አቁመው ሰገዱባቸው። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች በሩቅ ባለ ሟች ላይ ለመስገድ ማስረጃ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዱዓ ርቀት አያግደውም፤ ተራራም አይከልለውም።

ስለዚህ ልጁ በሄደበት የቀረባትን ጎረቤታችንን ለቅሶው አልፏል ብለን አንርሳት። እንጠይቃት፤ የልጇን ስም እየጠራን ዱዓ እናድርግላት።

አላህ ለሐዘንተኞች ሰብር ይስጥ፤ ድንበሮችን ሰላም ያድርግ፤ የሌላውን እናት ልጅ እንደራሳችን ልጅ የምናይ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።