ከወንበር ሥር ያለችው ቦርሳ

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ወንበሩን ቢያነሳ ወይም የጎን ሽፋኑን ቢከፍት አንዲት ትንሽ የላስቲክ ቦርሳ ያገኛል። ውስጧ ሁለት ሦስት መፍቻ፣ አንድ ካቻቢቴና የካንዴላ መፍቻ ይኖራል፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። አብዛኛው ሰው ቦርሳዋን አንድ ጊዜ አይቶ መልሶ ይከድናታል። ከዓመት በኋላ ሲፈልጋት ደግሞ ማን እንደወሰዳት አይታወቅም። ፋብሪካው ግን ለጌጥ አላስቀመጣትም፤ ከሥራው የተወሰነው የባለቤቱ ነው ብሎ ነው። ዛሬ የምናወጋው ስለዚሁ የባለቤት ድርሻ ነው። ሞተር ሳይክልን በቤት፣ በገዛ እጅ መንከባከብን መማር ያዋጣል ወይ? ቢያዋጣስ እስከ የት ድረስ?

እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ገንዘብ አይደለም። ለዘይት ቅያሬ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ኪስ የሚያራቁት አይደለም። እንዲያውም ደህና ደህና መፍቻ ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ ላይ ከኪሱ ይጨምራል። ትልቁ ጥቅም ብልሽትን ገና ሲጀምር ማየት መቻል ነው። መካኒክ ሞተር ሳይክላችሁን የሚያያት ከቆመች በኋላ ነው። እናንተ ግን በየቀኑ ትቀመጡባታላችሁ። ድምጿ ሲለወጥ፣ የፍሬኗ እጀታ ወደ ውስጥ መግባት ሲያበዛ፣ ከቆመችበት ቦታ የዘይት ጠብታ ሲታይ ቀድሞ የማወቅ ዕድል ያለው ባለቤቷ ነው፤ ማየትን ከተማረ።

ለዚህ ደግሞ ሞተር ሳይክል ትመቻለች። የዛሬ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ከሥሩ ሌላ የፕላስቲክ ክዳን ይጠብቃችኋል። ባለ 100 ወይም ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ግን ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ውጭ ነው። የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ ብስክሌት የሚጠግን የአንጥረኛ ልጅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ ትናንሽ ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ ነው ወደዚህ ሥራ የገባው። ድርጅቱ በ1958 ያወጣት ሱፐር ከብ የተባለች ሞተር ሳይክል በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን ደርሷል። ርካሽነቷና ጥንካሬዋ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ያህል የተስፋፋችው ከመንደር ብስክሌት ጠጋኝ አቅም በላይ ስላልሆነች ጭምር ይመስለኛል።

በእኛ አገር ነገሩ እንደየቦታው ይለያያል። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስለተጣለ፣ መንገድ ላይ የምናየው በአብዛኛው ፈቃድ ያለው የሥራ ሞተር ነው። ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ አንድ ቀን ጋራዥ ከዋለ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ከወረዳ ከተማ ርቆ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ደግሞ ካቴናው ቢበጠስበት የሚጠራው መካኒክ አጠገቡ የለም። እሱ ይህን ሙያ የሚማረው ለመዝናናት አይደለም።

ሁሉም ሰው በዘይት ይጀምራል፤ ቀላል ስለሆነ ደግ ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ቀጠን ብሎ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከሥር ያለውን ብሎን ፍቱ፣ አስወርዱ፣ መልሳችሁ ዝጉ፣ አዲሱን ሙሉ። ለአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። ልኩን ስታዩ ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ብላ ትቁም እንጂ በጎን መቆሚያዋ እንዳታጋድል። ጉልበተኛ ሰው የሚከስረው ብሎኑን ሲዘጋ ነው። ብሎኑ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተሩ አካል ግን አሉሚኒየም ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ የሚበላው የሞተሩ ጥርስ ነው፤ ያ ደግሞ በብሎን ዋጋ አይመለስም።

ከመቀየሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ምርጫው ነው። «የመኪና ዘይት ተርፎኛል» ብሎ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ውስጥ ያው አንዱ ዘይት ሞተሩንም ካምቢዮውንም ያገለግላል፤ በአብዛኞቹ የፍሪሲዮኑ ሸራም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ፍትጊያን የሚቀንስ ኬሚካል ይጨመርበታል። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚይዘው በፍትጊያ ነው! እንዲህ ዓይነቱን ዘይት የሞላ ሰው ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይከተለውም። ስለዚህ ዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን የሚሆን ነው ማለት ነው። ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራችውን ያማሃ ኤጂ 100 የምትነዱ ግን ሒሳባችሁ ሌላ ነው። እሷ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ለብቻው፣ የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው።

የአየር ፊልትሮን በአጭሩ ልለፈው። በኮረኮንች መንገድ ከመኪና ኋላ ስትነዱ እናንተ የምትውጡትን አቧራ ሞተሩም ይውጣል። አቧራው የደቀቀ ድንጋይ ነውና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ወይም በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዘይት ራስ ብሎ ይጨመቅና ይመለሳል። በቤንዚን አትጠቡት፤ ስፖንጁን ይጎዳዋል፣ እሳትም ነው። የወረቀት ከሆነ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም።

ካንዴላ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ የአገራችን ደጋና ቆላ እዚያች ጫፍ ላይ ይታያልና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ይህን አያውቅም። ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ቤንዚን ደጋም ላይ ሊሰጥ ይሞክራል፤ አየሩ ግን ስለሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል። ድሬዳዋ ላይ በደንብ ትሠራ የነበረች ሞተር ሳይክል ደብረ ብርሃን ስትወጣ ብትታክት፣ ጭስ ብታበዛና ቤንዚን ብትጨርስ፣ ሻጩ አታሎኛል ከማለታችሁ በፊት ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት።

ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ተስማምቶታል። ደረቅና ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይም ፊልትሮው ታፍኗል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው ካርቡራቶሩን ከመወንጀል በፊት ፊልትሮውን ማየት ነው። እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው፤ ይህን ለመካኒክ ተዉት። ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው። ይህኛው ከጥቁሩ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ፒስቶን እስከማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ለደጋ ተብሎ ቤንዚኗ የተቀነሰ ሞተር ሳይክል ወደ አዋሽ ስትወርድ ይህ ሊደርስባት ይችላል። በካርቡራቶር ፋንታ ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተር ሳይክሎች የአየሩን ግፊት እየለኩ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ካንዴላውን ስትመልሱ መጀመሪያ በጣታችሁ አዙሩት፤ በእጅ አልዞር ካለ ተጣሟልና በመፍቻ አታስገድዱት። የጫፉ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ወደ ካቴና ልምጣ። ከቤት ሥራዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ተማሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል፣ ችላ ሲባልም ይጥላል። አንዳንድ ሰው ካቴና ሲላላ እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ ያጠብቀዋል፤ ትክክል አይደለም። የኋላው ጎማ ጉድጓድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ካቴናውን ከሚያዞረው ከፊተኛው ጥርስ ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የተወጠረ ካቴና ያን ጊዜ ካምቢዮውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች የታችኛው መስመር መሐሉ ላይ በጣት ሲነሳና ሲወርድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር መጫወት አለበት፤ የእናንተዋን ትክክለኛ ልክ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። ጎማውን እያዞራችሁ ብዙ ቦታ ላይ ለኩ። ካቴና በእኩል አይረዝምምና ልኩ የሚወሰደው በጣም የጠበቀበት ቦታ ላይ ነው።

ማጥበቁ እንዲህ ነው። የኋላውን ጎማ አክስል ዳዶ ታላላላችሁ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል ታዞራላችሁ። ሁለቱም ጎን ላይ የተቀረጹ ምልክቶች አሉ፤ ካልተመሳሰሉ ጎማው ተጣሞ ይሄዳል፣ ካቴናውም ጥርሱን በጎን ይበላዋል። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ጎማው ወደ ኋላ ስለሄደ የኋላው ፍሬን በዘንግ የሚሳብ ከሆነ እሱም ተለውጧል። ረግጣችሁ ሳትሞክሩ መንገድ አትውጡ። የካቴናውን ማያያዣ የሚይዘው ቅንጥብ ደግሞ ድፍን ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በተቃራኒው ከገባ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነክቶት ይወልቃል።

ለማጽዳት ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይበቃል። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ የሚይዝ ሰው ካያችሁ ግን ከልክሉት፤ ጨርቁ ሲያዝ ጣቱን ይዞ ነው የሚገባው። ጎማው በእጅ ይዙር። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። ከሞተር የወጣ ዘይት የብረት ብናኝና ጥቀርሻ የያዘ ነው። ወፍራም የካምቢዮ ዘይት በትንሹ ቀብቶ ትርፉን መጥረግ ይሻላል። የጥርሶቹ ጫፍ ወደ አንድ ወገን እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ያስረጀዋል። ቅድም የጠራኋት ኤጂ 100 ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፤ ጭቃና አቧራ ባለበት አገር ይህን ሁሉም አምራች አለማድረጉ ይገርመኛል።

እስከ የት ነው ላልነው፣ እኔ ድንበሩን ሁለት ቦታ አሰምራለሁ። አንዱ የካርቡራቶሩ ብሎኖች ናቸው። ሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሌላውን ግን ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ መነካካት ጤነኛውን ሞተር ማሳመም ነው። ቫልቮላም እንዲሁ ነው፤ ክፍተቱ የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ድንበር የዘይት ፍሬን ነው። የከበሮ ፍሬን ሸራ ማለቁን በብዙዎቹ ላይ ከውጭ ያለች ቀስት ትናገራለች፤ እሷን ማንበብ የእናንተ ሥራ ነው። የፍሬን ዘይት መለወጥና አየሩን ማስወጣት ግን ለባለሙያው ይቅር፤ የተሳሳተ ሥራ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

መካኒኩ አይከፋውም ወይ የሚል ይኖራል። ጎበዝ መካኒክ አይከፋውም። «ሲቀዘቅዝ ደህና ነው፣ ሲሞቅ ዳገት ላይ ይጠፋል፤ ካንዴላው ጥቁር ነው፣ ፊልትሮውን አጥቤዋለሁ» የሚል ደንበኛ ግማሹን ፍለጋ አቅልሎለት ነው የሚመጣው። ትምህርቱም ቢሆን የሚሻለው ከእሱ ነው፤ አስፈቅዶ፣ ሻይ ጋብዞ አጠገቡ መቀመጥ። ወጣቶች ከዩቱብም ይማራሉ። ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚባሉት ሞተር ሳይክሎች የህንድ ምርቶች ስለሆኑ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ በሂንዲ ነው፤ ቋንቋው ባይገባም እጁን መከተል ይቻላል።

የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ሲዘንብ ወንዝ ነው የሚገባው። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። እጃችሁንም ቶሎ ታጠቡ፤ የተቃጠለ ዘይት ለቆዳ ጥሩ አይደለም።

አሁን አሁን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች እየበዙ ነውና ይህ ሁሉ ሊቀር ነው የሚሉኝ አሉ። በእርግጥ እነሱ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ፊልትሮ የላቸውም፤ ሞተራቸው የኋላ ጎማ ውስጥ የተገጠመላቸው ደግሞ ካቴናም የላቸውም። የፍሬን ሸራቸው ግን ያልቃል፣ ኩሽኔታቸው ይላላል፣ የገመዶቻቸው ማያያዣ ውኃና አቧራ ሲገባበት ይዝጋል። የጎማቸውም ነፋስ እንደማንኛውም ሞተር በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካት አለበት።