የወረስነውን ስለ መመርመር፤ በግራና ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ወደ ግራና መጥቼ በፊታችሁ እንድቆም በጠራችሁኝ ጊዜ እንደ ልማዱ ስለ ትጋት ልናገር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ትጋት ወላጆቻችሁ በሥራቸው ካስተማሯችሁ የምጨምረው ስለሌለኝ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በእናንተ ዕድሜ ላሉት ሊያካፍል ይገባዋል ብዬ የማምንበትን፣ ይኸውም ከአባቶቻችን የወረስነውን እምነት፣ የሃይማኖቱንም የፖለቲካውንም፣ እንዴት አድርገን መጠየቅና መመርመር እንደሚገባን ያለኝን አሳብ ላቀርብላችሁ መረጥሁ።

እኔ የየጁ ልጅ ነኝ። ፊደል የቈጠርሁትና ዳዊት የደገምሁት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ሲሆን፣ ያንን እምነት እስከ ዛሬ አልተውሁትም፤ ይህንንም አስቀድሜ የምናገረው ስለ ጥያቄ የሚናገር ሰው ሁሉ የአባቱን ቤት ጥሎ የወጣ እንዳይመስላችሁ ነው። መጠየቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉትንም አልቀበላቸውም። በመጽሐፍ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ አንድ ትርጓሜ ከሰጠ በኋላ ሁለተኛውን ያስከትላል፣ ሦስተኛውንም ይጨምራል፤ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሲሆኑ እንኳ ሁሉም በክብር ይቀመጣሉ፣ ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም ሳያውቅ መምህር አይባልም። ከእስላም ጎረቤቶቻችን ቤት ኪታባቸውን ይዘው ወደ ዳና ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄዱት ደረሶችም በሼኹ እግር ሥር ተቀምጠው የሚማሩት በአንድ ጉዳይ ላይ መዝሀቦቹ፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ ትምህርት ቤቶቹ፣ የሚለያዩበትን ምክንያት ጭምር ነበር። የኔታም ሼኹም ጥያቄን አይፈሩም ነበር፤ የሚያሳዝናቸው ሳያጠና የሚጠይቅ ተማሪ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚያ ጥያቄ ወሰን ነበረው፤ ዙፋኑንና ዙፋኑ የቆመበትን ሥርዐት አይነካም ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነቀፍ ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ በገጠሩ ደግሞ ምንም ሳይጻፍ ይኸው እምነት በእያንዳንዱ ሹም ደጅ ይሠራበት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ሀገሬ ስመጣ፣ ከደሴ በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር፣ ከየመንደሩ በረሀብ ወደ መንገዱ የወረዱ ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲማጸኑ አየሁ። እቤት ስደርስ ስለዚህ ሁሉ የሰማሁት ትርጓሜ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለ ኃጢአታችን የወረደ መዓት ነውና መልሱ እግዚኦታ እንጂ ጥያቄ አይደለም የሚል። ይህን የሚሉት ካላቸው ቍራሽ ላይ ለመንገደኛው የሚያካፍሉ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ በደግነታቸውም ዛሬ ድረስ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ያ እምነት እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ከጭሰኛው ጐተራ የሚወስደውን ሥርዐትም፣ ረሀቡን እያወቀ ዝም ያለውን ባለሥልጣንም ከተጠያቂነት አድኖ፣ ጥፋቱን በሟቹ በራሱ ላይ ይጭነው ነበር፤ ሕፃን ልጁን በመንገድ ዳር የቀበረው አባት ከኀዘኑ በላይ በደለኛነትን ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ የወሎ ረሀብ ሲመረምር፣ በሀገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ከቀደመው ጊዜ እጅግ እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚጫን እህል እንደነበረ አሳየ። ገበሬው የራሱ ሰብል በጠፋ ጊዜ የሌላውን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ አፋሩም በድርቅ ጊዜ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር መሬት ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ድርቁ ከሰማይ ነው፤ ከድርቁ ወደ ሞት የሚያደርሰውን መንገድ ግን ያበጁት ሰዎች ነበሩ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እምነቴ አልተናወጠም፤ ይልቁንም የሰዎች በደል ያላግባብ ተጭኖበት ከነበረው ከእግዚአብሔር ስም ላይ የተነሣ መስሎ ተሰማኝ።

ሥልጣን በሰው ሕሊና ላይ መፍረድ ሲጀምር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከዚሁ ከወሎ ምድር ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፣ በሦስት ልደት፣ በቅባትና በካራ ሊቃውንት መካከል ለረጅም ዘመን የቆየውን የነገረ ሃይማኖት ክርክር በፍርድ ቈረጡት። እስላሙም ክርስትናን እንዲቀበል ታዘዘ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ እንቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙውም ሕዝብ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ሀገር በአንድ ሃይማኖት ትጸናለች የሚለው አሳብ በዘመኑ በብዙ ነገሥታት ዘንድ የታመነ ስለነበረ በዛሬው ሚዛን ብቻ ልፈርድባቸው አልወድም። ፍሬው ግን የታወቀ ነው። በ1909 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን የዚያው የራስ፣ ኋላም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ፣ ሕዝቡም ከመሐላው ተፈትቶ፣ ከሥልጣን ወረደ፤ ልጃቸውን ለመርዳት የዘመቱት አባትም በወሩ ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፣ ከወሎም የሄደ ብዙ ገበሬ በዚያ ቀረ። አባቱ በሥልጣን ትእዛዝ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ ልጁ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው ተብሎ ሥልጣኑን ተነጠቀ። በአንድ ቤት፣ አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ተራው ሕዝብ ነገሥታቱ ያላወቁትን ጥበብ ይዞ ቆየ፤ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ የቀብር ዕድር፣ ውስጥ ቄሱም ሼኹም አብረው ሬሳ ሲያነሡ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሐመድና ገብረ ማርያም የአንድ አያት ልጆች ሆነው ሲኖሩ፣ እናንተም ይህንን እያያችሁ አድጋችኋል። ስለዚህም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እስላሞች የእኩልነት ጥያቄያቸውን ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ከብዙ ክርስቲያኖች ጋር አብረው መሄዳቸው ለወሎ ልጅ እንግዳ ነገር አልነበረም። ያ ሰልፍ የወረስነውን ከመጠየቅ ሁሉ ለእኔ እጅግ የተከበረው ነው፤ ማንንም ከእምነቱ ሳያወጣ መንግሥትን ብቻ ስለ ፍርዱ ጠይቋልና።

አሁን ስለ ዘመኔ ልጆች ልናገር፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ክፍል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው በአዲስ አበባ የተነሡት ተማሪዎች፣ ኋላም በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን፣ አባቶች ሊነኩት ያልደፈሩትን ነካክተዋል፤ ለዚህ ድፍረታቸው ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ በ1967 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም ያለ እነርሱ ባልታሰበ ነበር። ነገር ግን ዘውዱን የመረመረ ልቡና አዲሱን የማርክሲዝም ትምህርት ሳይመረምር ተቀበለው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ በአንድ ዐይነት መጻሕፍት እያመኑ፣ በትርጓሜ ስለተለያዩ ብቻ የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ የአንድ እናት ልጆች ተገዳደሉ፤ ደርግም ቀይ ሽብር ብሎ የቀሩትን ጨረሰ። በየኔታ ጉባኤ አንድ ቃል አራት ትርጓሜ ተሸክሞ በሰላም ያድር ነበር፤ የተማረው ትውልድ ሁለቱን መሸከም አልቻለም። ለምን? ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ እኔ ግን የምመልሰው፣ የሚያምኑትን ነገር ሳይሆን የአማመኑን ልማድ፣ ማለትም እውነት በአንድ መንበር ላይ ተቀምጣ የተቃወማትን ሁሉ ትቀጣለች የሚለውን፣ ሳንጠይቅ ስለ ወረስነው ነው ብዬ ነው።

ፍሬውንም ወሎ ደግማ ቀመሰችው። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሀብ መምጣቱን ቢያስጠነቅቅም፣ መንግሥት በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ያከብር ነበር፤ በተከታዩ በጥቅምት ወር የኮረም ረሀብተኞች ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ። በ1965 የተሸፈነው በዘውድ፣ በ1977 የተሸፈነው በቀይ ባንዲራ ነበር። አንዱ የጥንቱን እምነት፣ ሁለተኛው አዲሱን እምነት ይዟል፤ በመንገድ ዳር ለተቀመጠው ገበሬ ግን ልዩነቱ አልታየውም።

ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ፤ ነገራቸው ግን ከሩቅ ዘመን ይጀምራል። በ15ኛው መቶ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ለሥላሴ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም ስላሉ እጅግ ጽኑ መከራ ደረሰባቸው፤ ታሪካቸውም በብራና ተሰውሮ ቆየ። ይህን ታሪክ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚለው መጽሐፍ በአማርኛ እንድናነበው ያደረጉልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በጥይት መትተዋቸው ቀሪውን ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳለፉ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ የግእዝ ብራናዎችን ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸውን ይወዱ ነበር፤ በወደዱትም መጠን፣ አባቶች በአባቶች ላይ ያደረሱትን ግፍ ሳይሸፍኑ አሳተሙት። እምነትና ምርመራ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው ሲኖሩ ማየት የሚፈልግ የእርሳቸውን መጻሕፍት ያንብብ።

ውድ ተመራቂዎች፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ዛሬ ማንም ንጉሥ ወደ ቦሩ ሜዳ አይጠራችሁም። ወደ ልባችሁ በጸጥታ የሚገባ ሌላ ውርስ ግን አለ፤ ሰው ገና ሳይናገር በስሙና በተወለደበት ስፍራ ወዳጅ ወይም ጠላት ነው የሚለው። ይህ እምነት የሚያስከፍለውን ዋጋ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ድረስ መጥቶ ትምህርት ቤት በተዘጋባችሁ ወራት አይታችሁታል፤ ከእናንተም ያዘነ አለ። ኀዘናችሁን ማንም አያቃልለው፤ ስለ ደረሰባችሁ በደልም ፍትሕን ጠይቁ። ነገር ግን ኀዘናችሁን ተገን አድርጎ ማንን እንድትጠሉ የሚነግራችሁን ሰው፣ የሀገራችሁ ልጅም ቢሆን፣ የምትወዱትም ቢሆን፣ ማስረጃህ ምንድር ነው በሉት። ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለባችሁ በጓደኞቻችሁ መካከል ስትናገሩት የሚያስመሰግናችሁን ቃል ነው፤ የሚያስነቅፈውንማ ሰው ሁሉ ይመረምረዋል።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ከወልድያ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በእሳቱ ዙሪያ ከባድ ጥያቄ ያነሣባችሁ እንደሆነ ካደ ብላችሁ አትደንግጡ። የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉት፤ ወደሚያውቀው ቄስ ወይም ሼኽ ላኩት። በእኔ ቤት ይህን ያደረገች እናቴ ነበረች፤ ፊደል ሳታውቅ፣ ስለ ረሀቡ በጠየቅኋት ጊዜ ሳትቈጣ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «እኔም ይህን አስቤው አውቃለሁ» አለችኝ።

ፀሐዩ በርትቷል፣ አባቶችም ለምርቃት ይጠብቃሉ፤ እንኳን ደስ አላችሁ እያልሁ መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ።